የሞተር ቅየራ በነባር ካምቢዮ

የሞተር ቅየራ በነባር ካምቢዮ ማለት የአንድ አሮጌ ተሽከርካሪ ሞተር ወጥቶ በምትኩ ከሌላ ዓይነት ወይም ከኋለኛ ዘመን ተሽከርካሪ የመጣ ሞተር ሲገጠም፣ ካምቢዮው ግን የድሮው ሆኖ የሚቀርበት የጋራዥ ሥራ ነው። «ሞተር ማውረድ» ከሚባለው እድሳት ይለያል፤ በእድሳት ጊዜ ያው ሞተር ተፈትቶ ይታደሳል እንጂ ሌላ አይተካም። ለሥራው የሚያገለግሉት የአማርኛ ቃላት አብዛኞቹ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው፦ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ቮላኖ፣ ኩሽኔታ፣ ማርሽ፣ ሊብሬ።

በኢትዮጵያ አሮጌ መኪና በቀላሉ አይጣልም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪኖችን ከዕድሜያቸው ጋር እየጨመረ የሚሄድ ታክስ ጣለባቸው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ከለከለ። ስለዚህ ሻሲው ጤነኛ የሆነ ላንድሮቨር፣ ላንድክሩዘር ወይም ሃይሉክስ ያለው ሰው ሞተሩ ሲያልቅ መኪናውን ከመለወጥ ሞተሩን መለወጥ ይቀልለዋል። ያገለገሉ ሞተሮች አዲስ አበባ መርካቶ በሚገኘው ሶማሌ ተራና መሰል ቦታዎች ይሸጣሉ።

ካምቢዮው የሚቀርበት ምክንያት

ካምቢዮ ብቻውን የቆመ ዕቃ አይደለም። በአራት ጎማ በሚነዱ መኪኖች ኃይልን ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚያከፋፍለው ሳጥን ከካምቢዮው ጀርባ ተያይዟል። የማርሽ ዘንጉ በወለሉ ላይ የሚወጣበት ቀዳዳ፣ ካምቢዮው የተሸከመበት የሻሲ ብረት፣ ወደ ጎማዎቹ የሚሄዱት ዘንጎች ርዝመት ሁሉ በእሱ ልክ የተሠሩ ናቸው። ካምቢዮውን መለወጥ እነዚህን በሙሉ መለወጥ ነው። ሞተሩን ብቻ መለወጥ ግን ሥራውን ወደ አንድ ቦታ፣ ሞተሩና ካምቢዮው ወደሚገናኙበት ቦታ ይሰበስበዋል።

መጋጠሚያው

የሁለት ፋብሪካ ሞተርና ካምቢዮ የቡሎን ቀዳዳዎች አይገጥሙም። በመካከላቸው በቶርኖና በፍሬዛ የተሠራ ወፍራም ማገናኛ ፍላንጅ ይገባል፤ አንደኛው ፊቱ የሞተሩን፣ ሌላው የካምቢዮውን ቀዳዳዎች ይዟል። ከውጭ ሲታይ ቀላል ይመስላል። ችግሩ ያለው በመሀሉ ነው፦ የካምቢዮው መግቢያ ዘንግ ከክራንክ ሻፍቱ ጋር በአንድ መስመር መዋል አለበት። በተለምዶ የሚፈቀደው መዛነፍ ከአንድ ሚሊሜትር አሥረኛው ብዙ አይበልጥም። ቀዳዳዎቹ በዓይን ተለክተው በእጅ መሰርሰሪያ ከተበሱ መኪናው ይነሣል፣ ይሄዳልም፤ ነገር ግን ፍሪሲዮኑ ይንቀጠቀጣል፣ አንደኛ ማርሽ አልገባ ይላል፣ ከጊዜ በኋላም የካምቢዮው የፊት ኩሽኔታ መጮህ ይጀምራል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ወደ ካምቢዮው እርጅና ይላካል።

የፍላንጁ ውፍረትም ነገር አለው። ከወፈረ የመግቢያው ዘንግ ጫፍ በክራንክ ሻፍቱ መጨረሻ ላይ ካለችው ትንሽ ኩሽኔታ አይደርስም፤ ከሳሳ ዘንጉ ክራንክ ሻፍቱን ይገፋል። ፍሪሲዮኑ ከሁለቱም ወገን ይዋሳል፦ የዲስኩ መሀል ጥርስ የድሮውን ካምቢዮ ዘንግ፣ የዲስኩ ስፋት ደግሞ የአዲሱን ሞተር ቮላኖ መምሰል አለበት። ሞተሪኖው ከየትኛው ጎን እንደሚገባ፣ ከመሪው ዘንግ ወይም ከጭስ ማውጫው ጋር እንደማይጋጭ ከፍላንጁ በፊት ሊታይ ይገባል።

ከአንድ ቤተሰብ የሆኑ ሞተሮች ከዚህ ሁሉ ጣጣ ያድናሉ። የቶዮታ 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል ናፍጣ ሞተሮች (2,446፣ 2,779 እና 2,986 ሲሲ) የአንድ ቤተሰብ ስለሆኑ በሃይሉክስና በሃይስ ላይ አንዱን በሌላው መተካት ከቅየራ ይልቅ ለእድሳት የቀረበ ነው። የላንድክሩዘሩ 1ኤችዜድ እና ባለ ቱርቦው 1ኤችዲ እንዲሁ ዘመዳሞች ናቸው፤ ሁለቱም 4,164 ሲሲ ናቸው። ላንድሮቨር እ.ኤ.አ. በ1989 በዲስከቨሪ ያወጣው 200ቲዲአይ የተባለ ባለ ቱርቦ ናፍጣ ሞተርም በአሮጌዎቹ ሲሪስ ላንድሮቨሮች ካምቢዮ ላይ ብዙ ሳያስቸግር ይገጥማል። በዓለም ዙሪያ የታወቀ ቅየራ የሆነውም ለዚህ ነው።

ቶርክና ከፍታ

የቅየራው ዋና ጥያቄ «ይገጥማል ወይ?» ሳይሆን «ካምቢዮው ይችለዋል ወይ?» ነው። ካምቢዮ የሚሰበረው በፈረስ ጉልበት አይደለም፤ በቶርክ፣ ማለትም በመጠምዘዝ ጉልበት ነው።

የሲሪስ ላንድሮቨር ባለ 2,286 ሲሲ ቤንዚን ሞተር የሚሰጠው ቶርክ 168 ኒውተን ሜትር ያህል ነው። የዲስከቨሪው 200ቲዲአይ 265 ይሰጣል። ጭማሪው 58 በመቶ ገደማ ነው። የኩሽኔታ ዕድሜ ከጭነቱ ኩብ ጋር በተቃራኒ ስለሚሄድ፣ ይህን ሙሉ ጉልበት ዘወትር የሚሸከም ኩሽኔታ ዕድሜው ወደ ሩብ ያህል ይወርዳል።

በሰሜን ጎንደር ደጋ ሒሳቡ ይከብዳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚተነፍሰው የአካባቢውን አየር ነው። ከጠዳ ሜዳ (2,000 ሜትር ገደማ) በአዘዞ በኩል ጎንደር ሲገባ፣ በ2,133 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 77 በመቶ ያህል ነው። ደባርቅ አካባቢ፣ በ2,800 ሜትር፣ ወደ 71 በመቶ ይወርዳል። በስሜን ተራሮች የቧሂት ማለፊያ ላይ፣ በ4,200 ሜትር ገደማ፣ 60 በመቶ እንኳ አይሞላም። የሞተሩ ጉልበትም በዚያው መጠን ይቀንሳል። የጎንደር አሮጌ ላንድሮቨር በመጽሐፍ 168 ይባል እንጂ ካምቢዮው ሲሸከም የኖረው ወደ 130 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው፤ ከፍታው ሳይታወቅ ሲጠብቀው ኖሯል። ቱርቦ ግን የጎደለውን አየር አብዛኛውን ስለሚሞላ በዚያው ከፍታ 265 የሚሆነውን ጉልበት ከሞላ ጎደል ይሰጣል። ስለዚህ ባለቤቱ በአንድ ቀን ጉልበቱን በእጥፍ ያገኛል፤ ካምቢዮውም በአንድ ቀን ጭነቱ እጥፍ ይሆንበታል። ደገኛ ሹፌር ቱርቦን የሚወድበትና አሮጌ ካምቢዮ በደጋ የሚሰበርበት ምክንያት አንድ ነው።

መፍትሔው የናፍጣ ፖምፓውንና የቱርቦውን ግፊት ቀንሶ ማስተካከል፣ አንደኛ ማርሽንና ሪዶታን አንድ ላይ አስገብቶ ነዳጅ በሙሉ አለመርገጥ ነው። የሲሪስ ላንድሮቨር የኋላ ጎማ ዘንጎች ከካምቢዮውም ቀድመው በመሰበር የታወቁ ናቸው። ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ሞተር ለቆላ ተስተካክሎ ደጋ ከወጣ ደግሞ ጥቁር ጭስ ያጨሳል፤ ነዳጁ ለአየሩ በዝቷልና ፖምፓው መቀነስ አለበት።

ቶርኩ የተቀራረበ ቅየራ ለካምቢዮ ይራራል። 1ኤችዜድ 285 ኒውተን ሜትር ያህል ስለሚሰጥ፣ የቆየውን የላንድክሩዘር ባለ 4.2 ሊትር ቤንዚን ሞተር ሲተካ ካምቢዮው ብዙ ልዩነት አያይም። የሚቀየረው ፍጥነቱ ነው፦ ናፍጣ ሞተር ብዙ ስለማይዞር መኪናው በአስፋልት ይዘገያል። ይህን ለማካካስ የዲፈረንሻል ጥርስ ከ4.11 ወደ 3.70 የሚለውጡ አሉ፤ ዳገት ለሚበዛበት አገር ግን አይመከርም።

ፍሬንና ቁልቁለት

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ፍሬን ነው። ቤንዚን ሞተር አየር ሲስብ የሚፈጥረው ቫኪዩም የፍሬን ማገዣውን ያንቀሳቅሳል። ናፍጣ ሞተር ይህ የለውም፤ ለብቻው የቫኪዩም ፖምፕ ይዞ ይመጣል። ሞተሩ ከሶማሌ ተራ ያለ ፖምፑ ከተገዛ፣ ወይም ቱቦው ሳይገናኝ ከቀረ፣ ፍሬኑ እንደ ድንጋይ ይደርቃል። በሜዳ መንገድ ይህ ላይታወቅ ይችላል። ከደባርቅ ወደ አዲ አርቃይ የሚወስደው፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቀደደው የሊማሊሞ መንገድ ግን ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ቅየራ የተደረገበት መኪና ሰው ሳይጭን በአጭር ቁልቁለት መፈተሽ ያለበት በዚህ ምክንያት ነው። ትልቅ ሞተር በትንሽ ባለ ቱርቦ ሲተካ በማርሽ የሚገኘው መያዝም ያንሳል፤ ሹፌሩ ከለመደው አንድ ማርሽ ዝቅ ብሎ መውረድ ይኖርበታል።

የውሃው ነገርም አለ። በጎንደር ከፍታ ክፍት ውሃ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ካልያዘ ጉልበተኛው ሞተር በአሮጌው ራዲያተር ይግላል።

ኤሌክትሮኒክስ

እንደ 1ኤችዜድና 5ኤል ያሉ በሜካኒካል ፖምፓ የሚሠሩ ሞተሮች ለመሥራት ከጥቂት ሽቦዎች በላይ አይፈልጉም። እንደ ቶዮታ 1ኬዲ (2,982 ሲሲ) ያሉ የኮመን ሬል ሞተሮች ግን ከኮምፒውተራቸው፣ ከሙሉ ሽቦአቸውና ከቁልፍ መለያቸው ጋር ካልመጡ አይነሡም። የድሮው ካምቢዮ የፍጥነት መለኪያውን በገመድ ስለሚያዞር ኮምፒውተሩ የሚጠብቀውን የኤሌክትሪክ ምልክት አይሰጥም፤ ለብቻው ሴንሰር ይገጠማል። ከከተማ ርቆ ለሚሠራ መኪና ሜካኒካሉ ይመረጣል።

ሊብሬ

በኢትዮጵያ የተሽከርካሪ ምዝገባ የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 681/2002 ነው። የሞተሩ ቁጥርና የሻሲው ቁጥር በሊብሬው ላይ ተጽፈዋል፤ ሞተር ሲቀየር ለመዝጋቢው አካል ማሳወቅና ማስመዝገብ ያስፈልጋል። የሞተሩን ምንጭ የሚያሳይ ደረሰኝ ወይም የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ከሻጩ መቀበል ያለበት ሞተሩ ከመጫኑ በፊት ነው፤ ከተገጠመ በኋላ ሻጩን ማግኘት ይከብዳል። ከሊብሬው ጋር የማይገጥም የሞተር ቁጥር በዓመታዊ ምርመራ ቦሎ ያስከለክላል፣ በሽያጭ ጊዜም የስርቆት ጥርጣሬ ያስነሣል። ከቤንዚን ወደ ናፍጣ ከተዞረ የነዳጁ ዓይነትና ሲሲውም አብረው ይስተካከላሉ።