ላክቲክ አሲድን በተከታታይ ማብላላት

ላክቲክ አሲድን በተከታታይ ማብላላት ባክቴሪያዎች በማብላያ ታንክ (ባዮሪአክተር) ውስጥ ስኳርን ሳያቋርጡ ወደ አሲድ የሚለውጡበት የምርት ዘዴ ነው። ስኳር ያለው ፈሳሽ በአንድ በኩል ሲገባ፣ አሲድ የያዘ እኩል ፈሳሽ በሌላ በኩል ይወጣል።

ከእንጀራ ሊጥ ጋር ያለው ዝምድና

ማሽላ ዋና ሰብል በሆነበት በራያ ቆላ፣ በዋጃና በቆቦ አካባቢ፣ የማሽላ ሊጥ እንደ ጤፉ ሁሉ በእርሾ ይቦካል። እርሾው ካለፈው ሊጥ የተቀመጠ ፈሳሽ ሲሆን፣ ላክቲክ አሲድ ሠሪ ባክቴሪያዎችንና ረቂቅ ፈንገሶችን ይይዛል። ሊጡ ሲኮመጥጥ ፒኤቹ ወደ 4 ገደማ ይወርዳል። በቆላው ሙቀት ሊጥ ከደጋው ቶሎ ይቦካል።

ይህ ግን በዙር የሚደረግ ማብላላት ነው። ሊጡ ተጋግሮ ሲያልቅ ሥራው እንደገና ይጀመራል። የተጠራቀመው አሲድም ሠሪዎቹን ባክቴሪያዎች ራሳቸውን ያዳክማል።

አሠራር

በተከታታይ ዘዴ አሲዱ ያለማቋረጥ ስለሚወጣ ባክቴሪያዎቹ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ወሳኙ የፈሳሹ ፍጥነት ነው። ለምሳሌ 100 ሊትር በያዘ ታንክ በሰዓት 10 ሊትር ቢገባና ቢወጣ፣ ፈሳሹ በአማካይ 10 ሰዓት ይቆያል። ባክቴሪያዎቹ በ7 ሰዓት ገደማ በእጥፍ ካልተራቡ ቀስ በቀስ ታጥበው ያልቃሉ። ይህን ለመከላከል አንዳንድ ታንኮች ባክቴሪያዎቹን በማጣሪያ ይዘው ፈሳሹን ብቻ ያሳልፋሉ። የአሲዱን ኃይል ለማብረድ ደግሞ ኖራ ወይም አሞኒያ ይጨመራል።

ችግሩ ንጽሕና ነው። ሥራው ለረጅም ጊዜ ስለማይቋረጥ፣ አንዴ የገባ ባዕድ ተሕዋስ ታንኩን ሊወርስ ይችላል። ስለዚህ ብዙ ፋብሪካዎች አሁንም በዙር ያመርታሉ።

ታሪክ

ካርል ሼሌ ላክቲክ አሲድን ከጎመዘዘ ወተት በ1780 እ.ኤ.አ. ለየ። ሉዊ ፓስተር በ1857 እ.ኤ.አ. መብላላቱን የሚያመጡት ሕያዋን ረቂቅ ተሕዋስያን መሆናቸውን አስረዳ። በ1950 እ.ኤ.አ. ዣክ ሞኖ፣ እንዲሁም አሮን ኖቪክና ሊዮ ዚላርድ፣ የተከታታይ ማብላላትን ንድፈ ሐሳብና መሣሪያ አቀረቡ።

ጥቅምና ጥሬ ዕቃ

ላክቲክ አሲድ ለምግብ ማቆያና ሊበሰብስ ለሚችል ፕላስቲክ ያገለግላል። የማሽላ ስታርችም ወደ ስኳር ከተሰበረ ጥሬ ዕቃ ይሆናል። ሆኖም ዝናብ በሚያጥርበት አካባቢ እህሉ አስቀድሞ ምግብ ነው። አገዳውም ቢሆን ለከብት መኖና ለማገዶ ይፈለጋል። ስለዚህ ጥሬ ዕቃ ሲመረጥ ከሰውና ከከብት ጉሮሮ የሚተርፈውን ማስላት ያስፈልጋል።