አቧራው የማን ነው?

የዛሬው ወሬዬ ስለ ኢንሹራንስ ነው። አዎ፣ ኢንሹራንስ! ከማዛጋታችሁ በፊት ግን እስከ ሞጣ ድረስ አብራችሁኝ ውረዱ፤ ከዚያ ብታዛጉም አልቀየማችሁም።

ከደጀን ተነስቶ ቢቸናንና ሞጣን አልፎ ባሕር ዳር የሚገባውን መንገድ የሄዳችሁበት ታውቁታላችሁ። ከሞጣ ወደ ዓባይ ገደል የሚወርድ ሰው ሰባራ ድልድይን ያገኛል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ፋሲል ጊዜ የተገነባ፣ ጎጃምን ከበጌምድር የሚያገናኝ የድንጋይ ድልድይ ነው። በጣልያን ወረራ ዘመን መሐሉ ተሰበረና ስሙም ሰባራ ሆኖ ቀረ። ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት መንገደኛው በገመድ እየተሳበ ተሻገረ። ኬን ፍራንዝ የሚባል አሜሪካዊ ኮንትራክተር የድልድዩን ፎቶ መጽሔት ላይ አይቶ መጣና እ.ኤ.አ. በ2002 ክፍተቱን በብረት አገናኘው። በ2005 ጎርፍ ወሰደው። በ2009 ደግሞ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ።

በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ድልድዩ የመሰበሩን ዕዳ የከፈለው ገመዱ ላይ የተንጠለጠለው መንገደኛና ዳር ቆሞ የሚስበው ሰው ነው። ኢንሹራንስም ቢሆን ፊርማውንና ማኅተሙን ብታነሡለት ውስጡ ያለው ጥያቄ ይኸው ነው፤ ነገር ሲበላሽ ማን ይሸከመው?

የዘመናዊ መንገድ ሥራና የዘመናዊ ኢንሹራንስ ታሪክ እኛ አገር ጎን ለጎን ነው የሄደው። በ1898 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአቢሲኒያ ባንክ ለውጭ ኩባንያዎች ወኪል ሆኖ የእሳትና የባሕር መድን ይሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950 የዓለም ባንክ ለኢትዮጵያ መንገዶች 5 ሚሊዮን ዶላር አበደረ፤ በቀጣዩ ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በዚያው በ1951 የመጀመሪያው አገር በቀል የመድን ድርጅት ኢምፔሪያል ኢንሹራንስ ተከፈተ። ቀሪውን በሩጫ ልለፈው፦ ደርግ በ1967 ዓ.ም. ኩባንያዎቹን ወረሰ፣ የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ብቻውን ቀረ፣ በ1986 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 86 የግል ድርጅቶች ተመለሱ።

እኔን የሚገርመኝ ሕጉ ነው። በሚያዝያ 1952 ዓ.ም. የታወጀውና ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2069 የሚባል ድንቅ ነገር አለው። ፈንጂ ወይም መርዛማ ነገር በማስቀመጥ ወይም በመጠቀም፣ ከፍተኛ የኤሌክትሪክ መስመር በመዘርጋት፣ የመሬቱን አቀማመጥ በመለወጥ ወይም እጅግ አደገኛ የኢንዱስትሪ ሥራ በመሥራት ሌላውን ሰው ላልተለመደ አደጋ ያጋለጠ፣ አደጋው ሲደርስ ኃላፊ ነው ይላል። ጥፋት ባይኖርበትም! መንግሥት ፈቅዶልኛል ቢል አያድነውም፤ ራሱ መንግሥት ቢሆንም አይድንም። ትንሽ ወረድ ብሎ አንቀጽ 2086 ደግሞ “የጉዳቱ መንስኤ አልታወቀም” ወይም “ላስቀረው አልችልም ነበር” የሚለውን ማምለጫ ይዘጋበታል።

እስቲ አሁን የመንገድ ሥራ ምን እንደሆነ አስቡት። ድማሚት ነው፣ ናፍጣና ሬንጅ ነው፣ ኮረብታ ቆርጦ ሸለቆ መሙላት ነው። አንቀጹን የጻፈው ሰው አንድ የመንገድ ካምፕ ፊት ለፊቱ አስቀምጦ የጻፈው ነው የሚመስለው።

እንግዲህ ኮንትራክተሩ ይኼን ሁሉ ኃላፊነት ወደ ኢንሹራንስ ያሻግረዋል ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። የሚገዛው ፖሊሲ “ኮንትራክተርስ ኦል ሪስክ” ይባላል፤ ስሙ ሲተረጎም የኮንትራክተሩ ሁሉም አደጋ። የመጀመሪያው የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1929 ለንደን ውስጥ፣ በቴምዝ ወንዝ ላይ ለተሠራው የላምቤዝ ድልድይ ነው። (ድልድይ ዛሬ አልለቀቀንም!) በኋላ ሚዩኒክ ሪ የተባለው የጀርመን የጠለፋ መድን ኩባንያ ያሰናዳው አጻጻፍ ዓለምን አዳረሰ። ሁለት ክፍል አለው፦ አንዱ ሥራው ራሱ ሲጎዳ፣ ሌላው ሦስተኛ ወገን ሲጎዳ።

ችግሩ ያለው ሁለተኛው ክፍል ውስጥ ባሉት ደቃቅ ፊደሎች ነው። በንዝረት ወይም የመሬትን ድጋፍ በማሳጣት በንብረት ላይ የሚደርስ ጉዳት፣ ተጨማሪ ተከፍሎበት ካልተጨመረ በቀር፣ አይሸፈንም። ሮለር ሲያልፍ ግድግዳው የተሰነጠቀበት ሰውዬ፣ ይቅርታ፣ አንተን አይመለከትም። ብክለትም በብዙ ፖሊሲ ላይ በተለየ አንቀጽ ይወጣል። ከዚህ በላይ ደግሞ ፊዲክ በሚባለው ዓለም አቀፍ የግንባታ ውል የ1999 እትም፣ “ሥራውን ለመሥራት ካለው ግዴታ የተነሳ የማይቀር” ጉዳትን ከሦስተኛ ወገን መድን ማውጣት ይቻላል። አቧራ ከመንገድ ሥራ የሚቀር ነው ወይ? አይደለም። ስለዚህ አቧራው የማንም አይደለም ማለት ነው።

ሌላ ደግሞ አለላችሁ። የሦስተኛ ወገን የተሽከርካሪ መድን ከአዋጅ ቁጥር 559/2000 ጀምሮ፣ በኋላም በ799/2005፣ ግዴታ ነው። ያው የኮንትራክተሩ ገልባጭ መኪና መንገድ ላይ ሰው ቢገጭ የሚከፍል አለ። ያው መኪና ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ የጤፍ ማሳ አጠገብ እየተመላለሰ አዝመራውን ነጭ ቢያለብሰው ግን ግዴታ የሆነ መድን የለም። መግጨትና ማልበስ ይለያያሉ መሰለኝ።

አሜሪካኖችም ከዚሁ ነገር ጋር ታግለዋል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኩባንያዎቻቸው “ድንገተኛ” ካልሆነ በቀር ለብክለት አንከፍልም አሉ፤ ፍርድ ቤቶቹም “ድንገተኛ” ማለት ምን ማለት ነው በሚል ለዓመታት ተከራከሩ። በ1978 በላቭ ካናል ሰፈር ሥር የተቀበረው መርዝ ጉዱ ወጣ፣ በ1980 ሱፐርፈንድ የተባለው ሕግ ጽዳቱን በበካዩ ላይ ጣለው፣ በ1986 ኢንሹራንሶቹ ብክለትን ከተለመደው ፖሊሲ ጨርሰው አስወጡት። ለኮንትራክተሮች ብቻ የሚሆን የብክለት ኃላፊነት ፖሊሲ ገበያ ላይ የወጣውም በዚያው አሥርት ዓመት ነው። ቀስ በቀስ የሚመጣውን ብክለት፣ የጽዳቱን ወጪና የጠበቃውን ሒሳብ ሊሸፍን ይችላል። መልካም ነው፤ ነገር ግን ኢንሹራንሱ ከመፈረሙ በፊት ይጠይቃል፤ አፈሩ ከዚህ በፊት ምን ይመስል ነበር? ውኃውስ?

እዚህ ጋ ነው ወደ ቢቸና መመለስ ያለብን። እዚያ አገር “ልንለካ መጥተናል” የሚል ሰው ታሪክ አለው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ የቢቸናና የሞጣ ገበሬ ግብሩን ብቻ አልነበረም የፈራው፤ መለካቱ ርስቴን የመንጠቂያ መንገድ ነው ብሎ ነው የተነሳው። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ላከ፤ በመጨረሻ ግን አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ተነሱ፣ ውዝፍ ግብሩም ተማረ። እኔ በዚያ ገበሬ አልፈርድበትም። ለእሱ ብሎ የለካለት ማን ነበር? የዛሬው ችግር ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ዶዘሩ ከመምጣቱ በፊት ያልተለካ ምንጭ፣ ከሄደ በኋላ መበከሉን ማስረዳት ከባድ ነው።

ሕግ የለም እንዳትሉኝ። አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ያጽዳ ወይም የጽዳቱን ወጪ ይክፈል ይላል፤ መድን ግባ ብሎ ግን አያስገድደውም። አንቀጽ 11ም የሚገርም ነው፦ ማንም ሰው፣ “አንተን ምን አገባህ?” ሳይባል፣ ለፌዴራሉ ባለሥልጣን ወይም ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም ውሳኔው ካላረካው በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት ይሄዳል።

ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሳ የሚጠየቅበት ይርጋ ግን በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2143 መሠረት ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ ሁለት ዓመት ነው። በዚያው ሕግ አንቀጽ 3039 ሕንፃ ያስገነባ ሰው ከተቋራጩ የአሥር ዓመት ዋስትና አለው። ጎረቤቱ ሁለት። ናፍጣ ደግሞ በዋልካ አፈር ውስጥ ሲሰርግ የይርጋ ቀን አይቆጥርም፤ ካምፑ ተነቅሎ፣ ኮንትራክተሩ ሌላ ጨረታ አሸንፎ ሌላ ወረዳ ከገባ በኋላ ሊሆን ይችላል ሽታው ምንጩ ላይ የሚወጣው።

በነገራችን ላይ፣ ቢቸና ወይም ሞጣ ዘመድ ያላችሁ፣ ዶዘር ሊመጣ ነው የሚል ወሬ ከሰማችሁ ምንጩንም ግድግዳውንም በሞባይላችሁ ፎቶ አንሱት። ቀኑ እንዲታይ አድርጋችሁ።