«ምርጊት» እያለልን

አሜሪካ የምትኖር አንዲት የላስታ ተወላጅ፣ ከአንድ መሥሪያ ቤት በአማርኛ ተጽፎ የደረሳትን ማስታወቂያ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። «የመኖሪያ ቤት አየር ንብረት ማላመድ ድጋፍ» ይላል። ከሥሩ ያከለችው ጥያቄ አጭር ነው፦ «ቤቴን ምን ሊያስለምዱብኝ ነው?»

ነገሩን አብዛኛው አንባቢ ሳያውቀው አይቀርም። በመስኮትና በበር ሥር የሚገባውን ንፋስ መድፈን፣ በጣራና በግድግዳ ውስጥ ሙቀት የሚይዝ ነገር መጠቅጠቅ፣ የደከመ ማሞቂያ መጠገን፤ ወጪውም ገቢያቸው ዝቅ ላለ ቤተሰቦች ከመንግሥት ይሸፈናል። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ሥራውን ያቋቋመው ከነዳጅ ቀውሱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። አሁን ከተሞችም በራሳቸው ገንዘብ ይገቡበታል። የኦሪገኗ ፖርትላንድ መራጮች እ.ኤ.አ. በ2018 በትልልቅ ቸርቻሪዎች ሽያጭ ላይ 1 በመቶ ክፍያ ጥለው፣ ገንዘቡ ለእንዲህ ያለው የቤት ጥገናና ለመሰል የአየር ንብረት ሥራ እንዲውል ወስነዋል። ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የቋንቋ ሕግ ስላላት፣ ለነዋሪው ወሳኝ የሆነ ሰነድ በአማርኛም ይወጣል። ሕጉ ደግ ነው፤ ጣጣው ያለው ተርጓሚው ጋ ነው።

«አየር ንብረት» ራሱ የሚያምር ቃል ነው። «ንብረት» እዚህ ላይ ሀብት ማለት አይደለም፤ የግእዙ «ነበረ» ተቀመጠ፣ ኖረ ነውና የአየሩን አኗኗር፣ የረጉ ጠባዮቹን ይናገራል። አንድ ቤት ግን የራሱ አየር ንብረት የለውም፤ ያለው ሽንቁር ነው። «ማላመድ»ም ወይፈንን ከቀንበር ጋር የምናገናኝበት ግስ ነው። ሁለቱን አጋብቶ ቤት ላይ የጫነው ሰው የእንግሊዝኛውን «ዌዘራይዜሽን» የሚል ቃል ገጣጥሞ አይቶ፣ ሥራውን አላየም።

ሌሎችም ሞክረዋል። «የአየር ሁኔታ መከላከያ» ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ዝናብ ልብስ ይመስላል። «ብርድ መከላከያ» ይሻላል፣ ነገር ግን እዚያ አገር በበጋ ሙቀቱም ወደ ቤት እንዳይገባ የሚከለክለው ያው ሥራ ነው። «መጠለያ»ና «ከለላ» የሚሉም አሉ። ላስታ ውስጥ ላሊበላ ሄዶ አብያተ ክርስቲያናቱን የሚያይ ሰው ይህን አይልም። በ2000 ዓ.ም. ገደማ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ቤተ መድኃኔ ዓለምን፣ ቤተ ማርያምን፣ ቤተ ዐማኑኤልንና ቤተ አባ ሊባኖስን ከዝናብ እንዲጠብቁ በላያቸው የተተከሉት ጣራዎች መጠለያ ናቸው። ከላይ ቆመው ይጋርዳሉ እንጂ ግድግዳውን አይነኩም። የእኛው ጉዳይ ግን ግድግዳው ላይ፣ ስንጥቁ ውስጥ ነው።

ለዚህ የላስታ ደጋ ሰው ቃል አልቸገረውም። ላሊበላ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ከርሷ በላይ ያሉት ቀበሌዎች ውርጭንና ቆፈንን ከማንም የተማሩት አይደለም። ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ፣ በእግር ተረግጦ ሲብላላ ግድግዳው ይመረጋል። በላዩ ቀጭኑ ጭቃ ሲሄድ ይለሰናል። መደቡና ወለሉ በእበት ይለቀለቃል። የቀረችው ቀዳዳ ትወተፋለች፣ ጣራው በሳር ይከደናል። አምስት ግስ፣ አምስት የተለያየ ሥራ! «አየር» የምትል ቃል ግን አንዷም ውስጥ የለችም። እንግሊዝኛው ጠላቱን ይጠራል፤ እኛ የእጁን ሥራ እንጠራለን።

ከአምስቱ እኔ «ምርጊት»ን እመርጣለሁ። «ክደና» ጣራ ላይ ይቀራል፣ «ልስን» ለማማር ያደላል፣ «ውታፍ» ጠርሙስ ያስታውሳል። ምርጊት ግን ንፋስና ብርድ እንዳይገባ ክፍተትን መሙላት ነው፤ ሥራውም በየጊዜው የሚታደስ መሆኑን ማንም ያውቃል። «ፋይበርግላስ ጭቃ ነው እንዴ?» የሚለኝ አይጠፋም። «መብራት» ስንል የትኛው ኩራዝ ትዝ ይለናል? «ወፍጮ»ስ የድንጋዩ ስም ሆኖ ሳለ ለኤሌክትሪኩ ሲያገለግል ማን ከለከለው? ቃሉን ያሰፋው ኮሚቴ አልነበረም።

የአገር ቤቱ መሥሪያ ቤትም ከዚህ በሽታ የነጻ አይደለም። በ2004 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ስልት «ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ» ተባለ። አይበገሬ የጦር ሜዳ ሰው ነው፤ ጠላት ፊት ወደ ኋላ አይልም፣ አይታጠፍም። የላስታ ገበሬ ግን በድርቅ ዓመት ይታጠፋል፣ ከብቱን ይሸጣል፣ ሲዘንብ እንደገና ይዘራል። ለዚህ «ማገገም» ወይም «ቻይነት» ይቀርብ ነበር። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረውን የድጋፍ መርሐ ግብር፣ «ሴፍቲኔት»ን፣ ደግሞ ማንም አልተረጎመውም፤ እርከን የሚሠራው ገበሬ እንዳለ ተቀብሎ የራሱ አድርጎታል። ከመጥፎ ትርጉም የተዋስነው ቃል እንደሚሻል እሱ ይመስክርልኝ።

ወደ ማስታወቂያው ልመለስ፤ «ፍትሐዊ» የሚለውን ቃል ግን በሌላ አልለውጥም። እዚያ ላይ ድልድሉን «ፍትሐዊ» ከማለት ይልቅ «እኩል» ብለውታል፤ ያ ስሕተት ገንዘብ ያስከፍላል። እኩል ማለት ለባለ ቪላውም ለደሳሳው ጎጆም አንድ ልክ መስጠት ነው። ፍትሐዊው ድልድል ግን ንፋስ ከሚያፏጭበት ቤት ይጀምራል። ለጠየቀችኝ ሴት «የቤት ምርጊት ድጋፍ ነው፣ ቅድሚያ የሚሰጡት ለቸገረው ነው» ብዬ መለስኩላት። «እንዲህ ቢሉኝ ኖሮ ቅጹን ያኔውኑ እሞላ ነበር» አለችኝ።