የቤተልሔም ድጓ ቤትና የተማሪው ጎጆ

የአገራችን የትምህርት ታሪክ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ መነሻው በ1900 ዓ.ም. የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ይኾናል። የቤተ ክህነቱ ትምህርት በመግቢያው ላይ በጥቂት መስመር ይታለፋል። በዓይን የሚታይ ቤትና የተጻፈ መዝገብ ለታሪክ ጸሐፊ ይመቻልና ነገሩ አያስደንቅም።

በጋይንት የምትገኘውን ቤተልሔምን እንመልከት። በሌላ ስፍራ ጾመ ድጓውንና ድጓውን የዘለቀ ተማሪ መምህር ለመኾን ሲያስብ ወደዚያ ሄዶ ያስመሰክራል። በግራኝ ጦርነት ዘመን ከጥፋት የተረፈው ድጓ በዚያ እንደ ተገኘ ሊቃውንቱ ይናገራሉ። እ.ኤ.አ. በ1955 ቶማስ ፓክንሃም የተባለ ጸሐፊ ወደዚያ ደርሶ ነበር፤ ከውጭ ሲያዩት እንደ ማንኛውም የገጠር ቤተ ክርስቲያን ክብ የኾነው ሕንፃ በውስጡ ባለአራት ማዕዘን ጥንታዊ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን መያዙን ለውጭው ዓለም አስታወቀ። የጐብኚ ዓይን በዚህ ላይ ቢያርፍ አይፈረድበትም። የተማሪዎቹን ጎጆ ግን ማን ልብ ይላል?

ጎጆውን የሚሠራው ተማሪው ራሱ ነው። እንጨት ቈርጦ በክብ ይተክላል፤ በማገር ያያይዛል፤ በጭድ የተቦካ ጭቃ ይመርገዋል፤ ክረምት ወጥቶ ሣሩ ሲደርስ አጭዶ ይከድነዋል። በሩ ጎንበስ ብለው የሚገቡበት ነው። በውስጡ የጭቃ መደብ፣ ደበሎና አኩፋዳ የሚሰቀልበት እንጨት ካለ ሌላ አይፈለግም። መስኮት የለውም። እኔ ሰፊ የመስተዋት መስኮት ባለው የሚሲዮን ትምህርት ቤት ስለ ተማርሁ፣ ይህን የድኽነት ምልክት ብቻ አድርጌ ቈጥሬው ነበር። ድኽነቱስ አለ፤ ተማሪው ቁራሽ ለምኖ የሚያድር ነው። የትምህርቱን ሥርዐት ያስተዋለ ግን ሌላም ምክንያት ያገኛል። መጽሐፉ የሚታየው በቀን፣ በየኔታ ደጅ ወይም በዛፍ ጥላ ሥር ነው። ሌሊት የሚጠናው የቃል ትምህርት ነው፤ ለቃል ደግሞ መብራት አያስፈልግም። እንግዲህ ጎጆው ለመኝታና ለጆሮ የተሠራ ቤት ነው፤ የማንበቢያው ክፍል ሜዳው ነው።

ሣሩ ይበሰብሳል፤ እንጨቱን ምስጥ ይበላዋል፤ አንዳንዴም እሳት ይነሣል። ተማሪው ወደ ሌላ መምህር ሲሄድ አዲስ መጪ ገብቶ ያድሰዋል ወይም አፍርሶ ይሠራዋል። ስለዚህ ፍርስራሽ ፍለጋ የሚሄድ የታሪክ ተማሪ የሚያገኘው ምናልባት አምና የተመረገ ግድግዳ ይኾናል፤ ከዚያ ተነሥቶ ትምህርት ቤቱን አዲስ ነው ቢል ይሳሳታል። የግድግዳው ዕድሜና የዜማው ዕድሜ አንድ አይደለም።

ከእኛ መካከል ወደዚያ የሚሄድ ቢኖር የቤተ ክርስቲያኑን ዓምዶች ከቈጠረ በኋላ የጎጆዎቹንም ስፋት ለክቶ ቢመለስ፣ ባለ ጎጆውንም ቦታውን ከማን እንደ ተረከበ ቢጠይቀው መልካም ነው።