ከ«ቪየና» እስከ ባንድ ኤይድ፦ የአልትራቮክስ የሙዚቃ ጉዞ

እሑድ፣ ኅዳር 16 ቀን 1977 ዓ.ም. ስመ ጥር የብሪታንያና የአየርላንድ ድምፃውያን ባንድ ኤይድ በሚል የጋራ ስም በምዕራብ ለንደኑ ሳርም ዌስት ስቱዲዮ ተሰብስበው ለኢትዮጵያ ረሃብተኞች መርጃ የሚሆን የገና ዘፈን ቀዱ። ያ ቀን በተወሳ ቁጥር በአገራችን አብሮ የሚነሣው የቦብ ጌልዶፍ ስም ነው። ሐሳቡን ያፈለቀውና ዘፋኞቹን ያሰባሰበው እርሱ ነውና ክብሩ ይገባዋል። ከእርሱ ጋር ዘፈኑን የደረሰው፣ ሙዚቃውን ያቀናበረውና ቀረጻውን የመራው ሚጅ ዩር ግን እምብዛም አይነሣም። ዩር ይዘፍንበት የነበረው አልትራቮክስ የተባለው ባንድማ ከነጭራሹ ተዘንግቷል። በእኔ እምነት ያ ዘፈን በጥቂት ቀናት ተሠርቶ ሊያልቅ የቻለው አልትራቮክስና የሙያ አጋሮቹ ለዓመታት የደከሙበት አዲስ የአሠራር ስልት ስለነበረ ነው። ውለታውን በሚገባ ለመረዳት የባንዱን ታሪክ ከሥሩ ማየት ያስፈልጋል። ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ቀናትና ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዘር የተዘራባቸው ዓመታት

ባንዱ ለንደን ውስጥ በ1974 ታይገር ሊሊ በሚል ስም ተመሠረተ። መሥራቹ በሮያል ኮሌጅ ኦፍ አርት ተማሪ የነበረው ዴኒስ ሊ ሲሆን በሙዚቃው ዓለም የታወቀው ጆን ፎክስ በሚለው ስሙ ነው። ክሪስ ክሮስ ቤዝ ጊታር፣ ስቲቪ ሺርስ ሊድ ጊታር፣ ካናዳዊው ዋረን ካን ድራም ይጫወቱ ነበር። ቢሊ ከሪ ደግሞ የክላሲካል ሙዚቃ ትምህርቱን ይዞ ከሰሜን እንግሊዝ መጣ፤ ቫዮሊን፣ ቪዮላና ኪቦርድ የእርሱ ድርሻ ሆኑ። በ1976 የቦብ ማርሌይን ሥራዎች ያሳትም ከነበረው አይላንድ ኩባንያ ጋር ሲፈራረሙ ስማቸው አልትራቮክስ ሆነ።

ጊዜው ፐንክ የተባለው የቁጣ ሙዚቃ ለንደንን ያጥለቀለቀበት ነበር። ፐንክ ጥቂት ኮርድ፣ ፈጣን ምትና ጩኸት ይበቃዋል፤ ለመጫወትም የረጅም ዓመት ልምምድ አይጠይቅም። ኒው ዌቭ የተባለው ስልት ከፐንክ ድፍረቱንና አጭር ቅርጹን ወረሰ፤ ከዚያም በሩን ለሲንተሳይዘር፣ ለዳንስ ምት፣ ለሥዕልና ለፊልም ጥበብ ከፈተ። አልትራቮክስ በዚህ በር ቀድመው ከገቡት አንዱ ነው። የመጀመሪያው አልበም በየካቲት 1977 ሲወጣ በፕሮዲዩሰርነት ከባንዱ ጋር የሠሩት ብራያን ኢኖና ያኔ ገና ወጣት የነበረው ስቲቭ ሊሊዋይት ናቸው። በዚያው ዓመት ጥቅምት የወጣው ሁለተኛው አልበም የሚዘጋው «ሂሮሺማ ሞን አሙር» በተሰኘ ዜማ ነው። በዚህ ሥራ ምቱን የሚይዘው የድራም ማሽን ነው፤ ሮክ ተጫዋቾች ይህን መሣሪያ እንደ መጫወቻ በሚያዩበት ዘመን ባንዱ የዘፈን መሠረት አደረገው።

በ1978 ሺርስ ወጥቶ ሮቢን ሳይመን በጊታር ተተካ። ሦስተኛውን አልበም «ሲስተምስ ኦፍ ሮማንስ»ን ለመቅዳትም ኮሎኝ ከተማ አቅራቢያ ወደሚገኘው የኮኒ ፕላንክ ስቱዲዮ ሄዱ። ፕላንክ ከክራፍትቨርክና ከኖይ ጋር የሠራ ጀርመናዊ ባለሙያ ነው። በእርሱ እጅ ጊታሩና ሲንተሳይዘሩ እርስ በርስ መሻማታቸውን ትተው አንድ ድምፅ ሆኑ። ሸክላዎቹ ግን ገበያ አላገኙም፤ አይላንድም ባንዱን አሰናበተ። በ1979 መጀመሪያ ያለ አሳታሚ አሜሪካን ዞሩ፤ በጉዞው ማብቂያ ፎክስም ሳይመንም ተለዩአቸው።

በዚያው ዓመት ጌሪ ኑማን በሲንተሳይዘር የተሠራ ዜማ ይዞ የብሪታንያን ሰንጠረዥ በአንደኝነት ተቆጣጠረ። ኑማን የአልትራቮክስ አድናቂ እንደሆነ በግልጽ ይናገር ነበር፤ ቢሊ ከሪንም በጉዞው ላይ ኪቦርድ እንዲጫወት ወሰደው። መንገዱን የጠረገው ባንድ ተበትኖ ሳለ ተከታዩ ፍሬውን ለቀመ።

«ቪየና»

ሚጅ ዩር በ1953 ግላስጎው አቅራቢያ በምትገኘው ካምበስላንግ ተወለደ። በ1976 ስሊክ ከተባለ ባንድ ጋር አንደኛ የወጣ ዘፈን ነበረው። ከዚያ ሪች ኪድስ ውስጥ ሠራ፤ ሲንተሳይዘር ገዝቶ ሲመጣ ባንዱ በመሣሪያው የተነሣ ለሁለት ተከፈለ። ቀጥሎ ቪዛጅ በተባለው ስብስብ ከቢሊ ከሪ ጋር ተገናኙና በ1979 አልትራቮክስን ተቀላቀለ። አሁን ዩር፣ ከሪ፣ ክሮስና ካን አራት ሆነው ክሪሳሊስ ከተባለ ኩባንያ ጋር ተፈራረሙ፤ እንደገናም ከፕላንክ ጋር ሠርተው በሐምሌ 1980 «ቪየና» የተሰኘውን አልበም አወጡ።

የአልበሙ መጠሪያ የሆነው ዜማ የባንዱን ጥረት ሁሉ በአንድ ላይ የያዘ ነው። በድራም ማሽን ይጀምራል፤ ምቱ እየተራራቀ ይወርዳል፤ በመካከሉ ያለው ባዶነት ራሱ ይሰማል። ዩር ዝቅ ባለ ድምፅ ይገባና አዝማቹ ላይ እስከ ድምፁ ጣሪያ ይወጣል። መሐል ላይ የከሪ ቪዮላ ብቻውን ይነሣል፤ ፒያኖው ይከተለዋል፤ ፍጥነቱ እየጨመረ ሄዶ እንደገና ወደ ቀድሞው ዝግታ ይመለሳል። ማሽኑ ቀዝቃዛ ነው፤ ቪዮላው ግን ያለቅሳል። የሰው ናፍቆት ከማሽን ጋር ጎን ለጎን ሲቆም ይበልጥ እንደሚጎላ ይህ ዜማ አሳየ።

አሳታሚው ግን ዘፈኑ ረጅምና ዘገምተኛ ነው ብሎ ፈራ። በነጠላ የወጣው ባንዱ አጥብቆ ስለያዘ ነው። ቪዲዮውንም ባንዱ በራሱ ወጪ፣ ራስል መልኬሂ በተባለው ዳይሬክተር፣ አብዛኛውን ለንደን ውስጥ ቀሪውን ቪየና ሄዶ አስቀረጸ። በ1981 መጀመሪያ ዘፈኑ ሁለተኛ ደረጃ ደርሶ አራት ሳምንት እዚያው ቆየ። በመጀመሪያው ሳምንት በላዩ የነበረው ያኔ በቅርቡ ተገድሎ የነበረው የጆን ሌነን ዜማ ነው፤ በቀሪዎቹ ሦስት ሳምንታት ደግሞ የጆ ዶልቼ የቀልድ ዘፈን ነበር። ከሦስት አሥርት ዓመታት በኋላ ቢቢሲ ሬዲዮ 2 ሁለተኛ ሆነው ከቀሩ ዘፈኖች የሚወዱትን እንዲመርጡ አድማጮችን ሲጠይቅ «ቪየና» ተመረጠ።

ከዚያ በኋላ ባንዱ ፍሬውን ሰበሰበ። ከ1980 እስከ 1986 ያወጣቸው አምስት የስቱዲዮ አልበሞች በሙሉ በብሪታንያ ሰንጠረዥ ከመጀመሪያዎቹ አሥር ውስጥ ገብተዋል። በ1981 «ሬጅ ኢን ኤደን»ን ከፕላንክ ጋር በወራት ልፋት ስቱዲዮ ውስጥ እየፈጠሩ ሠሩት። በ1982 «ኳርቴት»ን ያዘጋጀላቸው የቢትልስ ፕሮዲዩሰር ጆርጅ ማርቲን ነው፤ ድምፁ ይበልጥ የጠራ፣ የቀድሞው ሻካራነት ግን የጎደለው ሥራ ነው። በ1984 «ላመንት»ን ራሳቸው አዘጋጁ። ከዚህ አልበም የወጣውና ሦስተኛ ደረጃ የደረሰው «ዳንሲንግ ዊዝ ቲርስ ኢን ማይ አይስ» በቪዲዮው የኑክሌር ማመንጫ አደጋን ያሳያል፤ የቼርኖቢል አደጋ ሊደርስ ሁለት ዓመት ሲቀረው ማለት ነው።

ኮረምና ለንደን

ጥቅምት 23 ቀን 1984 ማይክል በርክ የዘገበው፣ መሐመድ አሚን በካሜራው ያነሣው የኮረም የረሃብ እልቂት በቢቢሲ ታየ። በቀጣዮቹ ቀናት አልትራቮክስ ኒውካስል ከተማ የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ነበር። አቅራቢዋ ፖላ ዬትስ የጌልዶፍ ልጅ እናት ነበረችና ጌልዶፍ ሲደውልላት ስልኩን ለዩር ሰጠችው። የኒው ዌቭ ባንድ ቡምታውን ራትስ መሪ የነበረው ጌልዶፍ ግጥም አመጣ፤ ዩርም በትንሽ ኪቦርድ ያወጣውን ዜማ አከለበት።

ፕሮዲዩሰሩ ትሬቨር ሆርን ሥራውን ስድስት ሳምንት ካላገኘሁ አልችለውም አለ፤ ስቱዲዮውን ግን ለአንድ ቀን በነጻ ሰጠ። ዩር በቤቱ ስቱዲዮ ድራሙንና ኪቦርዱን በማሽን አቀናብሮ በቀናት ውስጥ ጨረሰ። ይህን ማድረግ የቻለው አንድ ሰው በሲንተሳይዘርና በድራም ማሽን የሙሉ ባንድ ድምፅ መፍጠር እንዲችል አልትራቮክስ ውስጥ ስለተማረ ነው። እሑድ ድምፃውያኑ ዘፈኑ፤ ፊል ኮሊንስ ድራም ጨመረበት፤ ዩር ሌሊቱን ሙሉ ቅይጡን ሠርቶ ሰኞ ጠዋት ለኅትመት ላከው። ዘፈኑ አምስት ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ፤ ብሪታንያ ውስጥ ብቻ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ቅጂ ተሸጠ፤ እስከ 1997ም የሽያጭ ክብረ ወሰኑን ይዞ ቆየ።

ግጥሙን ያለ ትችት ማለፍ አይቻልም። ከአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ክርስትናን የተቀበለችን አገር ገናን ታውቅ እንደሆነ መጠየቅ፣ ወንዞቿንም መርሳት ቅር ያሰኛል። የረሃቡ መንስኤም ድርቅ ብቻ አልነበረም፤ ጦርነቱና የደርግ ፖሊሲ አባብሰውታል። ዩር ራሱ የዘፈኑ ዋጋ በሙዚቃነቱ ሳይሆን ባስገኘው ገንዘብ እንደሚለካ ደጋግሞ ተናግሯል።

በሐምሌ 1985 አልትራቮክስ በዌምብሌይ ለረሃቡ መርጃ በተዘጋጀው የላይቭ ኤይድ መድረክ አራት ዜማዎች ተጫወተ። አንድነቱ ግን መላላት ጀምሮ ነበር። ዩር በግሉ አንደኛ ወጣ፤ በ1986 ዋረን ካን ተሰናበተ፤ «ዩ-ቮክስ» ከተሰኘው አልበም በኋላ በ1987 ተበተኑ። አራቱ በ2009 እንደገና መድረክ ላይ ተገናኝተው በ2012 «ብሪሊያንት»ን አወጡ። ክሪስ ክሮስ በ2024 አረፈ።

የአልትራቮክስን ታሪክ በአንደኝነት ብዛት የሚለካ ሰው ይሳሳታል፤ ባንዱ በብሪታንያ ሰንጠረዥ በስሙ አንድም ጊዜ አንደኛ አልወጣም። ፋይዳው ለሌሎች ባቆየው ዘዴ ነው፤ ኑማን በዚያ ዘዴ ዝናን አተረፈ፣ ባንድ ኤይድም በእርሱ ለተራበ ሕዝብ ገንዘብ ሰበሰበ። ስለዚህ ዩርን በባንድ ኤይድ ብቻ የሚያውቅ አድማጭ «ሲስተምስ ኦፍ ሮማንስ»ንና «ቪየና»ን በተከታታይ ቢሰማ ደግ ነው። የዚህን ሰው የጥበብ ልክ ማየት የሚቻለው በቀናት ጥድፊያ ከተሠራው የእርዳታ ዘፈን ይልቅ በእነዚያ የትዕግሥት ሥራዎች ነውና።