የአካል ጉዳተኞች የታንኳ ቀዘፋ፦ ለመጀመር ምን ያስፈልጋል?

የታንኳ ቀዘፋ በዋናነት በክንድ፣ በትከሻና በወገብ ጉልበት የሚከናወን ስፖርት ነው። እግሩ የማይታዘዝለትን ሰው በየብስ ላይ ደረጃና ጎርባጣ መንገድ ቢያግዱትም፣ ውኃ ላይ ግን ከሌሎች ጎን መጓዝ ይችላል። ይሁን እንጂ ለጀማሪ አካል ጉዳተኛ ቀዳሚው ትምህርት ፈጥኖ መቅዘፍ አይደለም፤ ታንኳው ሲገለበጥ ራስን ነጻ አድርጎ መውጣት ነው።

ውድድሩና ታንኳዎቹ

ፓራ ካኑ በሚል ስያሜ የሚታወቀው ይህ ስፖርት ወደ ፓራሊምፒክ የገባው እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ዴ ጄኔሮ ሲሆን፣ በወቅቱ ስድስት የካያክ ውድድሮች ተካሂደዋል። በቶኪዮ ፓራሊምፒክ ቫአ የተሰኘው የታንኳ ዓይነት ተጨምሮ ውድድሮቹ ዘጠኝ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 በፓሪስ ደግሞ ዐሥር ሆነዋል። ርቀቱ 200 ሜትር ነው።

ካያክ ሁለቱም ጫፎቹ ጠፍጣፋ በሆኑ መቅዘፊያ ግራና ቀኝ እየተፈራረቁ የሚቀዘፍ ጠባብ ታንኳ ነው። ለፓራ ካኑ ውድድር የሚቀርበው ካያክ ርዝመቱ ከ5 ሜትር ከ20 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም፤ ሚዛን እንዲጠብቅም ስፋቱ ከ50 ሴንቲ ሜትር አያንስም። መነሻው የፓስፊክ ደሴቶች የሆነው ቫአ በበኩሉ በጎኑ ተንሳፋፊ ደጋፊ የተያያዘለት ሲሆን፣ አንድ ጫፉ ብቻ ጠፍጣፋ በሆነ መቅዘፊያ ይቀዘፋል፤ መሪም የለውም።

የካያክ ተወዳዳሪዎች በሦስት ምድብ ይከፈላሉ። በመጀመሪያው ምድብ ውስጥ ያሉት በአብዛኛው በክንድና በትከሻቸው ብቻ የሚቀዝፉ ናቸው። በሁለተኛው ወገባቸውንና እግራቸውን በከፊል የሚጠቀሙ፣ በሦስተኛው ደግሞ ወገባቸው ጠንክሮ እግራቸው በከፊል የሚያግዛቸው ይመደባሉ። ዓይነ ስውራን በፓራሊምፒክ ፓራ ካኑ ባይካተቱም በፓራሊምፒክ የጀልባ ቀዘፋ ይሳተፋሉ፤ ለመዝናኛም ከሚያይ ሰው ጋር ባለሁለት መቀመጫ ካያክ መቅዘፍ ይችላሉ።

መቀመጫና መታጠቂያ

ወገቡን መቆጣጠር የማይችል ቀዛፊ ከፍ ያለ የጀርባና የጎን ድጋፍ ያስፈልገዋል። ስሜት የሌለው አካል ሲላጥ ወይም ሲቆስል ሕመሙ ስለማይታወቅ መቀመጫው በስፖንጅ መለበጥ፣ ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላም ቆዳው መታየት አለበት። የመጨበጥ አቅሙ የደከመ ሰው መያዣ የተገጠመለት ጓንት ሊጠቀም ይችላል። ሆኖም እጅን ከመቅዘፊያ፣ ሰውነትንም ከታንኳ ጋር በማይፈታ ቋጠሮ ማሰር ለሕይወት አደገኛ ነው። ማንኛውም መታጠቂያ ውኃ ውስጥ በአንድ ጉተታ የሚፈታ መሆን ይኖርበታል።

የመጀመሪያው ልምምድ

ጀማሪው አስቀድሞ ሐኪም ማማከር ይገባዋል። በተለይ የአከርካሪ ጉዳት ያለበት ሰው ሰውነቱ ሙቀትና ቅዝቃዜን የመቆጣጠር አቅሙ ሊቀንስ ይችላል፤ የሚጥል በሽታ ያለበትም ይህንኑ ለአሠልጣኙ መንገር አለበት። ሰው ሠራሽ እግር የሚጠቀም ቀዛፊ እግሩን አድርጎ ወይም አውልቆ ስለመቅዘፉ ከአሠልጣኙ ጋር አስቀድሞ ይወስናል።

ልምምዱ ጸጥ ባለና ረዳት ሊቆምበት በሚችል ጥልቀት ባለው ውኃ ይጀመራል። ጀማሪው ላይፍ ጃኬት ለብሶ ከዊልቸር ወደ ታንኳ መሸጋገርን ይማራል። ቀጥሎ፣ ረዳቶች በቅርብ ቆመው ታንኳው ሆን ተብሎ ይገለበጣል፤ ቀዛፊውም መታጠቂያውን ፈትቶ መውጣትን ሳይደናገጥ እስኪያከናውን ድረስ ይደጋግማል። መቅዘፊያ የሚይዘው ከዚህ በኋላ ነው።

ጣና ላይ ለሚለማመዱ

በጣና ሐይቅ ዳርቻ ላደገ ሰው ታንኳ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የደንገል ታንኳ ዛሬም ሰውና ጭነት ያጓጉዛል። ሆኖም ሐይቁ የራሱ ጥንቃቄ አለው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሞገድ ስለሚያስነሳ ለጀማሪ ማለዳው ይመረጣል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 በሐይቁ የታየው እምቦጭ መቅዘፊያ ከመጥለፉም በላይ የነፍስ አድን ጀልባን መንገድ ሊዘጋ ይችላል። በሐይቁ የቢልሃርዝያ በሽታ ስለሚገኝ አዘውትሮ ውኃው ውስጥ የሚገባ ሰው በጤና ተቋም መመርመር ይኖርበታል።

ክለብ ለማቋቋም ውድ የውድድር ታንኳ መግዛት ግዴታ አይደለም። ሰፋ ያለ ካያክ፣ ልክ የሆነ ላይፍ ጃኬት፣ የተመቻቸ መቀመጫና የሠለጠኑ ረዳቶች ለመነሻ በቂ ናቸው። ከሁሉ በፊት ግን ዊልቸር እስከ ውኃው ዳር የሚደርስበት ደልዳላ መንገድ ያስፈልጋል። ያ መንገድ በሌለበት ስፍራ ምርጡ ታንኳ ቢገዛም ቀዛፊው ውኃው ዘንድ አይደርስም።