የምንጩ ጠባቂ፦ የሞቀ ውሃ ከፍልውሃ ወደ ጓሮ የመጣበት ታሪክ

አዲስ አበባን የወለዳት የሞቀ ውሃ ነው። እንጦጦ ላይ ከትሞ የነበረው የንጉሥ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በብርድና በነፋስ ሲቸገር፣ ንጉሡና ባለቤታቸው ጣይቱ ብጡል ወደ ሜዳው እየወረዱ፣ የኦሮሞ ሕዝብ አስቀድሞ ፊንፊኔ ብሎ በሚያውቀው ምንጭ ይታጠቡ ነበር። በ1886 ጣይቱ ከምንጩ አጠገብ ቤት አሠሩ፤ መኳንንቱም ተከትለው ሰፈሩ፤ ስፍራውም አዲስ አበባ ተባለ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ያን ጊዜ የሞቀ ውሃ የሚፈልግ ሰው፣ ንጉሥም ቢሆን፣ ተነሥቶ ወደ ውሃው ይሄድ ነበር።

ዛሬ በቨርጂኒያ፣ በካሊፎርኒያ ወይም በስቶክሆልም ዳርቻ ቤት የገዛ የዚያች ከተማ ልጅ ግን የሞቀ ውሃ ከጓሮው አያጣም። ሁላችንም “ጃኩዚ” ብለን የምንጠራው ገንዳ ከቤቱ ጋር ተሽጦለት ይሆናል፤ ወይም ራሱ ገዝቶ አስተክሎት ይሆናል። ውሃው ወደ ሰው ቤት ለመምጣት የፈጀው ጊዜ ከአንድ የሰው ዕድሜ አይበልጥም። ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚተረከው እንደ ምቾት ታሪክ ነው። በሕክምና ሥራ ላይ ለቆየ ሰው ግን ሌላ ገጽታም አለው፤ ውሃው ቤት ሲገባ ቀድሞ የምንጩና የመታጠቢያ ቤቱ ሠራተኛ የነበረው የጥበቃ ሥራ ወደ ባለቤቱ ትከሻ ተሻግሯል። ብዙው ባለቤት ደግሞ ይህን ማንም አልነገረውም።

የምንጭ ውሃ ጠባዩ መፍሰስ ነው። በእንግሊዝ አገር ሮማውያን መታጠቢያ የሠሩበት የባዝ ከተማ ምንጭ በ46 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት በየቀኑ ከአንድ ሚሊዮን ሊትር በላይ ያፈልቃል። ትናንት የታጠበው ሰው እድፍ ዛሬ እዚያ የለም፤ ውሃው ይዞት ሄዷል። በአገራችንም ቢሆን የፍልውሃ መታጠቢያ ተራ ጠብቆ፣ ከፍሎ የሚገባበት ስፍራ ነው፤ ገንዳውን የሚያጥብ፣ በር የሚከፍትና የሚዘጋ ሰው አለው። የጥንቱ ሁሉ ንጹሕ ነበር ማለቴ አይደለም፤ ብዙ ሰው በአንድነት የገባበት ገንዳ በየትም አገር በሽታ ያጋባል። ነገር ግን ውሃው ይሄድ ነበር፤ ጠባቂም ነበረው።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ እንኳ ባለጸጋውም ወደ ውሃው ይጓዝ ነበር። ፍራንክሊን ሩዝቬልት በ1921 በልጅነት ልምሻ ተመትቶ እግሮቹ ከከዱት በኋላ፣ በ1924 ጆርጂያ ክፍለ ሀገር ወደሚገኘው ዋርም ስፕሪንግስ ሄደ። የምንጩ ሙቀት 31 ዲግሪ ገደማ ነው። ውሃው አላዳነውም፤ ልምሻን የሚያድን ውሃ የለም። ነገር ግን የሰውነቱን ክብደት ተሸክሞለት ለመንቀሳቀስ አስቻለው። በ1926 ስፍራውን ገዝቶ ለመሰል ሕሙማን ማገገሚያ አደረገው፤ በ1945ም የሞተው እዚያው ነው። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ምንጩን መግዛት ቻለ፤ ምንጩን ወደ ዋሽንግተን ማምጣት ግን አልቻለም።

ይህን የቻለው አንድ የስደተኛ ቤተሰብ ነው። የጃኩዚ ወንድማማቾች ከሰሜን ምሥራቅ ጣሊያን፣ ከፍሪዩሊ አውራጃ፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ወደ ካሊፎርኒያ የተሰደዱ ሰባት የገበሬ ልጆች ናቸው። መጀመሪያ የአውሮፕላን ፕሮፔለር ሠሩ፤ ቀጥሎም ራሱን አውሮፕላኑን። በ1921 ግን አውሮፕላናቸው ተከስክሶ ከወንድማማቾቹ አንዱ ጆኮንዶ ከሌሎች ተሳፋሪዎች ጋር ሞተ። ቤተሰቡ የአየሩን ሥራ ተወና ወደ መሬቱ ተመለሰ፤ ለእርሻ የሚሆን የጉድጓድ ውሃ መሳቢያ ፓምፕ መሥራት ጀመረ። ስማቸው በካሊፎርኒያ ገበሬዎች ዘንድ የታወቀው በዚህ ነበር።

ከወንድማማቾቹ የመጨረሻው ካንዲዶ ኬኔት የተባለ ልጅ ነበረው። ሕፃኑ ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላው በ1940ዎቹ መጀመሪያ መገጣጠሚያን በሚያቆስል ከባድ የብግነት በሽታ ተያዘ። በዘመኑ ከነበሩት ጥቂት ማስታገሻዎች አንዱ በሆስፒታል በሚሽከረከር የሞቀ ውሃ ውስጥ መነከር ነበር። ሕክምናው ይረዳዋል፤ ሆኖም በየጊዜው ብቻ የሚገኝ ነው፤ በመካከሉ ሕመሙ ይመለሳል። ፓምፕ ሠሪው አባት እንግዲህ በእጁ ያለውን ሙያ ተጠቀመ፤ በቤት ማጠቢያ ገንዳ ውስጥ የሚቀመጥና ውሃውን ከአየር ጋር ደባልቆ የሚገፋ ትንሽ ፓምፕ ሠራ። መሣሪያው በ1950ዎቹ አጋማሽ ለሕሙማን ለገበያ ቀረበ። በ1968 የቤተሰቡ ተወላጅ ሮይ ጃኩዚ ፓምፑን ከገንዳው ግድግዳ ጋር አዋሕዶ ሲያወጣው ግን መድኃኒቱ የምቾት ዕቃ ሆነ።

በዚያው ዘመን በካሊፎርኒያ፣ በተለይ በሳንታ ባርባራ አካባቢ፣ ወጣቶች አሮጌ የወይን ጠጅ በርሜሎችን እየገዙ በሞቀ ውሃ ሞልተው በግቢያቸው በአንድነት መነከር ጀመሩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፋብሪካዎች እንጨቱን በፋይበርግላስና በአክሪሊክ ተኩ፤ ማሞቂያ፣ ማጣሪያና ፓምፕ ጨመሩበት። ዛሬ በጓሮ የምናየው ገንዳ የሁለቱ የዘር ሐረግ ልጅ ነው፤ ፓምፑን ከጣሊያናዊው አባት፣ በአንድነት የመነከሩን ልማድ ከበርሜሎቹ ወርሷል።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ልዩነት እንዲያስተውል እለምናለሁ። የኬኔት አባት የሠራው መሣሪያ የሚገባበት ገንዳ ለአንድ ሰው ይሞላል፤ ሰውየው ሲወጣ ይደፋል። የጓሮው ገንዳ ግን አይደፋም። ያው ውሃ በማጣሪያው እያለፈ፣ እየሞቀ፣ ለሳምንታትና ለወራት ይቆያል። ሁለቱንም “ጃኩዚ” ብለን በአንድ ስም ስለምንጠራቸው ልዩነቱ ይሰወርብናል። በሰው ልጅ የመታጠብ ታሪክ ውስጥ አዲሱ ነገር የውሃው መሽከርከር አይደለም፤ በቤተሰብና በእንግዳ የታጠበበት ውሃ ሳይሄድ እንደሞቀ መቀመጡ ነው።

ይህን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። አንድ መጠነኛ የጓሮ ገንዳ 1,500 ሊትር ያህል ይይዛል። አራት ሰዎች ሲገቡበት ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 375 ሊትር ነው። 60,000 ሊትር በሚይዝ የጓሮ መዋኛ ውስጥ ያንኑ ያህል ለመጨናነቅ 160 ሰዎች መግባት አለባቸው። የእያንዳንዱ ሰው ላብ፣ ቅባትና የቆዳ ብናኝ በውሃው ይቀራል። ተህዋስያንን የሚገድለው ክሎሪን ይህን ሁሉ ሲያጣራ ያልቃል፤ ሙቀቱና አየሩም ያተኑታል። የቀረው ውሃ ከ37 እስከ 40 ዲግሪ የሞቀ ነው፤ ይህም ለብዙ ባክቴሪያዎች የተመቸ ነው። በቧንቧዎቹ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ደግሞ ሙልጭልጭ ያለ ስስ ሽፋን ይሠራሉ፤ በዚያ ተሸሽገው ክሎሪኑ እስኪደክም ይጠብቃሉ።

የሕክምናው ዓለም ይህን የተማረው በየተራ ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ በሆቴል ገንዳዎች የተነከሩ ሰዎች ከአንድና ከሁለት ቀን በኋላ ዋና ልብሳቸው በሸፈነው ገላቸው ላይ የሚያሳክክ ሽፍታ ወጣባቸው፤ መንስኤው ሱዶሞናስ የተባለ ባክቴሪያ ነበር። ይህ ብዙውን ጊዜ በራሱ የሚድን ነው። የከፋው የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። በሐምሌ 1976 አሜሪካን ሌጅን የተባለው የዘማቾች ማኅበር ፊላደልፊያ ላይ በአንድ ሆቴል ባደረገው ጉባኤ ምክንያት ከ200 በላይ ሰዎች በሳንባ ምች ታመው 34ቱ ሞቱ። ከወራት በኋላ፣ በ1977 መጀመሪያ፣ በአትላንታ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ጆሴፍ ማክዴድ መንስኤውን አገኘ፤ ባክቴሪያውም ሌጂዮኔላ ተባለ። ሌጂዮኔላ በሞቀ ውሃ ይራባል፤ የሚገድለው ግን በመጠጣት ሳይሆን ከውሃው የሚነሣው ረቂቅ ጤዛ ወደ ሳንባ ሲገባ ነው። አየር እየነፋ ውሃን የሚያፈላ ገንዳ ደግሞ የጤዛ ማምረቻ ነው።

በየካቲት 1999 በኔዘርላንድስ፣ ቦቨንካርስፔል በተባለች ከተማ፣ የአበባ ትርኢት ይካሄድ ነበር። ከአበባው ጎን ለሽያጭ ማሳያ የቀረበ የሚፈላ ገንዳ ነበረ። ማንም መነከር አላስፈለገውም፤ በአጠገቡ ያለፉ ሰዎች ጤዛውን ተነፈሱት። ከ180 በላይ ታመሙ፤ ቢያንስ 32 ሰዎች ሞቱ። በ2002 ጃፓን ውስጥ፣ በሂዩጋ ከተማ፣ አዲስ በተከፈተ የሕዝብ መታጠቢያ 7 ሰዎች ሞቱ፤ ውሃው እንደ ጥንቱ የሚፈስ ሳይሆን በማጣሪያ እየዞረ የሚመለስ ነበር። ትምህርቱ ግን አልተያዘም። በ2019 በሰሜን ካሮላይና በአንድ የክፍለ ሀገር ባዛር ላይ በተመሳሳይ መንገድ፣ ከማሳያ ገንዳዎች አካባቢ፣ ከ130 በላይ ሰዎች ታመው 4 ሞቱ። “ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው” የሚለው ያገራችን አባባል ለወንዝ ብቻ የተነገረ አይደለም።

ሙቀቱና ፓምፑም የየራሳቸው ጣጣ አላቸው። ከ40 ዲግሪ፣ ማለትም ከ104 ፋራናይት፣ በላይ በሞቀ ውሃ ውስጥ የቆየ ሰው ራሱን ሊስት ይችላል፤ መጠጥ የወሰደ፣ የደም ግፊት መድኃኒት የሚውጥ ወይም የልብ ሕመምተኛ ሲሆን አደጋው ይጨምራል። ለነፍሰ ጡር፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ ሙቀቱ ለጽንሱ አይበጅም። ሞት በመከተሉ በ1987 ገንዳዎች ከ40 ዲግሪ እንዳያልፉ የሚያግድ መቆጣጠሪያ እንዲኖራቸው በአሜሪካ ደንብ ወጣ። በ2002 ደግሞ ቨርጂኒያ ውስጥ የቀድሞው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የጄምስ ቤከር የሰባት ዓመት የልጅ ልጅ በገንዳው የውሃ መሳቢያ ጉልበት ተይዛ ሰጠመች። በ2007 የወጣው ሕግ፣ መሳቢያው እንዳይዝ ተደርጎ የተሠራ ክዳን እንዲኖረው የሚያዝዘው፣ በስሟ የተጠራ ነው። አሮጌ ገንዳ ያለበትን ቤት የገዛ ሰው መጀመሪያ ሊያየው የሚገባው ይህን ክዳን ነው።

ታዲያ ጠባቂው ምን ያድርግ? ሥራው ከባድ አይደለም፤ የሚያታልለው በየሳምንቱ መደጋገሙ ነው። ከእያንዳንዱ መነከር በፊት በመለኪያ ወረቀት ውሃውን ይፈትሻል፤ ነጻ ክሎሪኑ በሚሊዮን ቢያንስ 3፣ ወይም ብሮሚኑ ከ4 እስከ 8፣ የውሃው ፒኤች ከ7.0 እስከ 7.8 መሆን አለበት። ፒኤቹ ከዚህ ሲያልፍ ክሎሪኑ ውሃው ውስጥ እያለ ኃይሉን ያጣል። የሚገባው ሰው አስቀድሞ በሳሙና ይታጠባል። ማጣሪያው በየጊዜው ይታጠባል፤ ሲያረጅ ይለወጣል። ውሃውም ይደፋል። ሻጮቹ ራሳቸው የሚጠቀሙበት ስሌት አለ፤ የገንዳውን ጋሎን ለሦስት፣ ከዚያም በቀን ለሚገባው ሰው ቁጥር ማካፈል ነው። 1,500 ሊትር 400 ጋሎን ያህል ስለሆነ፣ ሁለት ሰው በየቀኑ የሚገባበት ገንዳ በ66 ቀን፣ አራት ሰው የሚገባበት በ33 ቀን ይደፋል። ሲደፋም ግድግዳው በብሩሽ ይፈተጋል፤ ሙልጭልጩ ሽፋን በውሃ መለወጥ ብቻ አይለቅምና።

ይህን ሁሉ ለወገኖቼ የምጽፈው በተለይ አንድ ልማዳችንን በማየት ነው። እናት ወይም አባት ካገር ቤት ለጉብኝት ይመጣሉ። ጉልበታቸውን ቁርጥማት ይዞታል፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ በፍልውሃ፣ በሶደሬና በአምቦ ሲያምኑ ኖረዋል። ልጅ ደግሞ ደስ ሊያሰኛቸው ክረምቱን ተከድኖ የከረመውን ገንዳ ያሞቅላቸዋል። “እማዬ፣ ፍልውሃው እዚሁ አለልሽ” ይላል። ፍቅሩ እውነተኛ ነው፤ የሞቀ ውሃም ጉልበትን በእርግጥ ያሳርፋል። ግን ሌጂዮኔላ አጥብቆ የሚይዘው ማንን ነው? ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆነውን፣ የሚያጨሰውን፣ ሳንባው የታመመውን፣ ስኳር ያለበትን ሰው ነው። ሳይነካ የከረመ ገንዳ ደግሞ ክሎሪኑ ያለቀ፣ ቧንቧው የተሸፈነ ነው። እናቶቻችን የሚያውቁት ውሃ ራሱን የሚያጸዳውን ነው፤ ይኼኛው የሚጸዳው በልጃቸው እጅ ብቻ መሆኑን የሚያውቁበት መንገድ የላቸውም።

ስለዚህ አንድ አረጋዊ በትኩሳትና በሳል ሲመጡ፣ ከመድኃኒቱ በፊት የምጠይቀው አለ፤ “ባለፉት ሁለት ሳምንታት የት ነበሩ? ሆቴል አርፈዋል? የሚፈላ ገንዳ ውስጥ ገብተዋል?” በሽታው ከገባ በኋላ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 14 ቀን ቆይቶ ነው የሚገለጠው፤ ሕመምተኛው ራሱ ገንዳውን ረስቶታል። ጥያቄው ደግሞ ዋጋ አለው፤ ለተራ የሳንባ ምች የሚሰጡት የፔኒሲሊን ወገን መድኃኒቶች ሌጂዮኔላን አይገድሉም፤ ሌላ ዓይነት ያስፈልጋል። ሐኪሙ ካልጠየቀ ቤተሰቡ ሳይጠየቅ ይንገረው።

ገንዳ አትግዙ አልልም። የስደተኛ አባት ለታመመ ልጁ ብሎ የሠራው ነገር ነውና መነሻው ክቡር ነው፤ በአግባቡ የተያዘ ገንዳም ለደከመ ገላ ጥሩ ማረፊያ ነው። ነገር ግን ሲገዛ የሚጠየቀው “ስንት ዶላር ነው?” ብቻ ሊሆን አይገባም፤ “በየሳምንቱ የሚለካው ከመካከላችን ማን ነው?” ተብሎ በስም ይወሰን። ለዚህ ጥያቄ ስም የሚጠራ ሰው የሌለበት ቤት ገንዳውን ደፍቶ፣ አድርቆ ቢከድነው ይሻለዋል።